ከፊርማ በፊት ያነበቡልን አቶ መዝገቡ ኪራኮስ (1946–2017 ዓ.ም.)

አቶ መዝገቡ በጥቅምት ወር 1946 ዓ.ም. ወልድያ ከተማ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው አቶ ኪራኮስ ወልደ ሩፋኤል ኮርቻ ሠሪ፣ እናታቸው ወይዘሮ አበበች ይመር በገበያው የታወቁ የቅመም ነጋዴ ነበሩ። ከስድስት ልጆች አራተኛው ሲሆኑ፣ ፊደልና ዳዊት ከቄስ ትምህርት ቤት፣ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን እዚያው ወልድያ ተምረዋል። ቀጥሎም አዲስ አበባ ገብተው በሕግ ዲፕሎማ አገኙ።

በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፍርድ ቤት በሬጅስትራርነት ተቀጠሩ። የሥራቸው አንዱ ክፍል ማንበብ ለማይችሉ ባለጉዳዮች ውሳኔውን አንብበው ካስረዱ በኋላ በአውራ ጣት ማስፈረም ነበር። ባልደረቦቻቸው ረጅም ሰልፍ ሲያዩ ንባቡን ያሳጥሩት ነበር፤ እሳቸው ግን አያሳጥሩም። በዚህም ከአለቆቻቸው ሁለት ጊዜ ተግሣጽ ተጽፎባቸዋል። ሁለቱንም ደብዳቤዎች ካናዳ ድረስ ይዘዋቸው መጥተዋል።

ካልጋሪ የገቡት በ1982 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ኋላም በታክሲ ሹፌርነት ሠሩ። በ1988 ዓ.ም. ፈተናውን አልፈው የአማርኛ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆኑና ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2011 ዓ.ም. በዚሁ ሙያ አገለገሉ።

በጥር ወር 1986 ዓ.ም. ይህን ጽሑፍ ካዘጋጀሁት ከእኔ ከሠናይት ጉልላት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋባን። ሚዜያቸው አቶ ፀጋዬ መንገሻ ነበሩ። መጀመሪያ ካልጋሪ ውስጥ ዶቨር በሚባለው ሰፈር የአንድ ቤት ቤዝመንት ተከራይተን ኖርን፤ ልጆቻችን አርያምና ማትያስ የተወለዱት እዚያ ነው። የማትያስ የክርስትና አባትም አቶ ፀጋዬ ናቸው። በ1994 ዓ.ም. ማርቲንዴል ወዳለው ቤታችን ገባን።

በ1997 ዓ.ም. የነበረውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የበርካታ ክፍለ ሀገራት ፍርድ ቤቶች የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ፈቅደው ነበር። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም መንግሥት ላቀረበለት ጥያቄ አስተያየቱን ከሰጠ በኋላ ጉዳዩ ወደ ፓርላማ አመራ። በፎረስት ሎን ሰፈር ሱቆች፣ በታክሲ ሹፌሮች መካከል፣ በየቤቱ ክርክሩ ይኸው ነበር። በእኛ ዘንድ ከሁሉም በላይ ያስፈራው ግን ካህናቶቻችን በሕግ ተገደው ሊያጋቡ ነው የሚለው ወሬ ነው።

ያን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ባለ አንድ ገጽ የተቃውሞ ፊርማ ማሰባሰቢያ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን መጣ። በሁለት ሳምንት ሰማንያ ስድስት ሰዎች ፈረሙ። አቶ መዝገቡ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ስለነበሩ ወረቀቱ የሚሰበሰበው እሳቸው ዘንድ ነበር። አንድ እሑድ ከፈረሙት ምእመናን አንዷን፣ እትዬ ሙሉን፣ «ምን መሆኑን ዐውቀው ነው የፈረሙት?» ብለው ጠየቋቸው።

«እኔማ የፓርኪንጉ መስሎኝ! ባለፈው ወር ስለ ፓርኪንጉ አይደል ሳይን ያስደረጋችሁን?»

አቶ መዝገቡ አልሳቁም። ከፈረሙት ሌሎች አሥራ አንድ ሰዎችን ጠየቁ። የወረቀቱን ይዘት በትክክል የነገራቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ቤት ገብተው የፊርማውን ወረቀትና ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አስተያየት ዋና ዋናውን ወደ አማርኛ መለሱ። ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው።

የካቲት 6 ቀን 1997 ዓ.ም. ከቅዳሴ በኋላ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ ለአገልግሎት ወደ ሌላ ከተማ በሄዱበት ቀን፣ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው ሁለቱንም ማንበብ ጀመሩ። የፍርድ ቤቱ ጽሑፍ ፓርላማው ይህን ጋብቻ ሊፈቅድ እንደሚችል ይናገራል። የሃይማኖት አባቶች ከእምነታቸው ውጪ እንዲያጋቡ መንግሥት ሊያስገድዳቸው እንደማይችልም ይናገራል። ሕዝቡ መስማት የማይፈልገውንም የሚያረጋጋውንም በአንድ ዓይነት ድምፅ አነበቡት።

ስህተታቸው ቦታው ነው። እኛ ዘንድ ዐውደ ምሕረት ላይ የሚነበብ ቃል የቤተ ክርስቲያን ቃል ሆኖ ይሰማል። ዘግይተው የገቡ ምእመናን ቤተ ክርስቲያን የፍርድ ቤቱን ሐሳብ የተቀበለች መስሏቸው ደነገጡ፤ ያለቀሱም ነበሩ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ፀጋዬ ተነሡ።

«መዝገቡ፣ ይህ የወንጌል ቦታ ነው፤ የዳኛ ወንበር አይደለም። ውረድ!»

«አንድ ገጽ ቀርቶኛል።»

«ውረድ ብዬሃለሁ!»

ገጹን ጨርሰው ወረዱ። ጫጫታው ገና ሳይበርድ እትዬ ሙሉ፣ «አሁን ገባኝ፤ ወረቀቱን አምጡት፣ ዐውቄ ልፈርም» አሉና በስማቸው ላይ ደግመው ፈረሙ። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ስማቸውን ሰረዙ። ሌሎቹ እንደፈረሙ ቀሩ። እስከዚያ ቀን ያልፈረምኩት እኔም ያነበቡልንን ሰምቼ፣ አምኜበት ፈረምኩ። አቶ መዝገቡ አልፈረሙም።

በሳምንቱ በምእመናኑ ፊት ቆመው ስለ ቦታው ይቅርታ ጠየቁ። ስለማንበባቸው ግን አልጠየቁም። ከጸሐፊነታቸው እንዲነሡ ተወሰነ፤ ውሳኔውን ፈርመው ያነበቡት አቶ ፀጋዬ ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ለሰባት ዓመት ከአራት ወር አልተነጋገሩም። በዚያ ዘመን ሁሉ አቶ ፀጋዬ የክርስትና ልጃቸውን በየልደቱ ከበራችን ወስደው ወደ በራችን ይመልሱት ነበር እንጂ ደጃችንን አልፈው አልገቡም። አቶ መዝገቡም መስኮቱ ጋ ቆመው መኪናው ከመንገዱ እስኪታጠፍ ያያሉ። ሌላ ቤተ ክርስቲያን እንዲሄዱ የመከሯቸው ነበሩ። አልሄዱም፤ አንድም እሑድ ከቅዳሴ ቀርተው አያውቁም።

ከሃዲ ያሏቸው ነበሩ። ጀግና ያሏቸውም ነበሩ። አንድ ጋዜጠኛ ደውሎ ሐሳባቸውን ሲጠይቃቸው፣ «እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ዛሬ የኔን ጨምሬ ከሰጠሁህ ነገ ያነበብኩትን ማን ያምነኛል?» ብለው ስልኩን በትሕትና ዘጉ። እኔም አንድ ቀን መኪና ውስጥ፣ አንተስ ምን ትላለህ ብላቸው፣ «አንቺም ጋዜጠኛ ሆንሽ?» ብለው ሳቁ። ሐሳባቸውን ሳላውቅ ሃያ ዓመት አብሬያቸው ኖርኩ። እኔም የፈረምኩትን አልሻርኩም፤ እሳቸውም ፊርማዬን አንድም ቀን አላነሡብኝም።

በ2004 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችን ኪራይ ይብቃን ብላ ሕንፃ ለመግዛት ተስማማች። ውሉ ከስልሳ ገጽ በላይ ነበር። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ድምፅ ይሰጥ ሲባል እትዬ ሙሉ እጃቸውን አወጡ። «ሳይነበብልን እጃችንን አናወጣም። አንባቢው ደግሞ እዚሁ አለ፤ ምን ያስፈራችኋል?» አሉ። ጉባኤው አጨበጨበ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ በሰኔ ወር ማለት ነው፣ አቶ ፀጋዬ ውሉን በክንዳቸው ይዘው በራችንን አንኳኩ። አቶ መዝገቡ ከፈቱ።

«ይኸው አመጣሁት» አሉ አቶ ፀጋዬ።

«በር ላይ አላነብም። ጫማህን አውልቅና ግባ።»

በመካከላቸው ይቅርታ የሚል ቃል ሲነገር አልሰማሁም። እራት ቀረበ፤ ሁለቱም ውሉ ላይ አቀርቅረው ቀዘቀዘ። ንባቡ ሦስት እሑድ ፈጀ። የተነበበው በምድር ቤቱ አዳራሽ ነው፤ አቶ መዝገቡ አስቀድመው ከአስተዳዳሪው ፈቃድ ጠይቀዋል። ማይክሮፎኑን የያዙላቸው አቶ ፀጋዬ ነበሩ። በንባቡ ሁለት አንቀጾች እንዲስተካከሉ ተደርጎ ሕንፃው ተገዛ። ዛሬ እሳቸውን የምንሸኘው ከዚሁ ሕንፃ ነው።

አቶ መዝገቡ በመስከረም ወር 2017 ዓ.ም. የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ተነገራቸው። ስለቀሩት ወራት ብዙ አልጽፍም። ሐኪሞቹና ነርሶቹ በትጋት ረድተዋቸዋል፤ ካህናቱም እየመጡ ጸልየውላቸዋል፣ ሥጋ ወደሙም ተቀብለዋል። አቶ ፀጋዬ በሳምንት ሦስት ቀን እየመጡ አጠገባቸው ይቀመጡ ነበር። እሑድ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ በቤተሰባቸው መካከል ዐረፉ።

አቶ መዝገቡ ለሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር አብሬያቸው የኖርኩትን እኔን፣ ልጆቻቸውን አርያምንና ማትያስን፣ የልጅ ልጃቸውን ናሆሚን፣ ወልድያ ያሉትን እኅታቸውን ወይዘሮ መስከረም ኪራኮስን ትተው ሄደዋል።

ይህን ሳዘጋጅ የ1997ቱ ነገር ባይነሣ ይሻላል ያሉኝ ወዳጆች ነበሩ። አሁን ቆመው የሚያነቡላችሁ አቶ ፀጋዬ መንገሻ ናቸው፤ ላንብብ ብለው የጠየቁትም ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ረቂቁን አስቀድሜ ልኬላቸው የማይፈልጉትን እንዲያወጡ ነገርኳቸው። አንድ ቃል አላወጡም። እኔ «ሰባት ዓመት» ብዬ በጻፍኩት ላይ ግን በእጃቸው «ከአራት ወር» የሚል ጨምረው መለሱልኝ።

የሰውን ልብ ሳይነበብለት የሚያውቅ አምላክ የአቶ መዝገቡን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍ። የፈረምነውም ያልፈረምነውም በአንድነት አሜን እንበል።