ለባለቤቴ ሳል ስለተደረገው አክብሮት

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብስ ደኅና? እግዚአብሔር ጤናዎን፣ በተለይም ሳንባዎን ይጠብቅልዎ፤ በእርስዎ ጤና ጣቢያ የሰው ሳንባ እንዴት እንደሚጠበቅ አይቻለሁና ምኞቴ ከልብ ነው።

ባለቤቴን ወይዘሮ ብርቄን ከጥምቀት በፊት የጀመራት ሳል ይኸው ክረምት ሲገባም አለቀቃትም። በየጊዜው ወደ እናንተ ይዣት ስመላለስ ለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. የአክታ ምርመራው ቲቢ የለም ባለ ጊዜ ባለሙያዎ እንኳን ደስ ያላችሁ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ጨብጠው አሰናበቱን። እኛም ሞኞቹ እልል ብለን ለደብራችን የተሳልነውን ጃንጥላ አስገባን። ጃንጥላው እዚያው ቀረ፣ ሳሉ ግን አብሮን ወደ ቤት ተመለሰ። ቲቢ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀን የለም።

፪. ክሳቷን በዐቢይ ጾም በማመካኘት ሃይማኖታችንን ስላከበራችሁልን እግዜር ይስጥልን። ፋሲካ ግን ካለፈ ሰነበተ፤ የፋሲካውን ዶሮም አንድ ጉርሻ ቀምሳ ተወችው። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም ብሏል፤ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ቀጠን ብለሽ ሸጋ ሆንሽ ይሏታል።

፫. ወይ ጨዋነት! ባለሙያዎ የጎንደርን እመቤት ሲጋራ ታጨሻለሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር መስሏቸው፣ ሳይጠይቁ አታጨስም ብለው ጻፉ። እርግጥ ነው፣ አጭሳ አታውቅም። ስለ ጭስ ቢጠይቋት ግን፣ ከልጅነቷ ጀምሮ መስኮት በሌለው ጓዳ የማገዶ እሳት ላይ ተደፍታ አረቄ ስታወጣ እንደኖረች፣ የጓዳው ጣሪያም ጥላሸት እንደለበሰ ትነግራቸው ነበር። እሷ ያላጨሰችውን ምድጃው አጭሶላታል።

፬. ብርቄም ጨዋ ናት። ባለሙያዎ ፊት ስታስል የወጣውን ደም በነጠላዋ ጫፍ አፍና፣ አጣጥፋ ይዛው ወጣች፤ ሰው ፊት መትፋት ነውር ነው ብላ። እኔ ያየሁት ነጠላውን ስታጥብ ደርሼባት ነው። ባለሙያዎ በጨዋነት አልጠየቁም፣ እሷም በጨዋነት አልተናገረችም፤ በዚህ ሁሉ ጨዋነት መካከል ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው።

ፈርቻለሁ፣ ጌታዬ። ስታስል እፈራለሁ፤ ጸጥ ስትል ደግሞ ይብስብኛል። ስሙን አፌ ላይ ማምጣት ያቃተኝን በሽታ የጠረጠርኩት ባለሙያዎ ሳይሆኑ እኔ፣ የጡረታ ኑሮ የምገፋ የቢሮ ጸሐፊ ነኝ። ሆስፒታሉ ያለ እናንተ ወረቀት አይቀበለንም። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ይዣት ስመጣ፣ እባክዎ ለአንድ ቀን ባለጌ ይሁኑልን፤ የማይጠየቀውን ሁሉ ይጠይቋት፣ ለደረት ራጅ የሚሆን ሪፈርም ይጻፉልን።

እስከ ሰኞ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣዎት፣ ከሰኞ በኋላ ግን ለወገቡ ዋስ የማይሆነው፣

አንዳርጋቸው ገብረ ኪዳን
ጎንደር

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳነብላት ብርቄ ሰውየውን አታስቀይማቸው፣ ሰኞ ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ይቅርብን አለችኝ። ያለችኝ በሹክሹክታ ነው፤ ድምጿ ከጠፋ ሰንብቷል። ደግነቱ የሰኔ ጾም ገብቷል፤ ለዚህም ምክንያት አታጡም።