ቀዩ ጨርቅ በአመድ ውሃ ሰማያዊ ስለ መሆኑ

ኢትዮጵያ ትቅደም

መስከረም 21 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለአውራጃው አስተዳዳሪ ጽሕፈት ቤት
ባሕር ዳር

አመልካች፦ የብርጓል ገብረ መስቀል፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ

ጉዳዩ፦ እናቴ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ቢያዝን እና የኬሚስትሪ መምህሬ አቶ አምሐ መርስዔ ኀዘን በአንድ ጨርቅ መታጠብ ምክንያት ከታሰሩበት የቀበሌ እስር ቤት እንዲለቀቁልኝ ስለ መለመን

ጓድ አስተዳዳሪ፣

ይህን የምጽፈው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስለሆንሁ «ትልቅ ሰው የለም ወይ?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። አለ። ከትልልቆቹ ግን ሁለቱ ታስረዋል፤ የቀሩት ደግሞ እንዳይታሰሩ ፈርተዋል። አባቴን መሪጌታ ገብረ መስቀልን እዚህ ወረቀት ላይ እንዲፈርሙ ብለምናቸው ጉዳዩን ወደ ላይ እንዳመለከቱ ነገሩኝ። ወደ ላይ ማለታቸው ወደ ሰማይ ነው። ከዚያ እስካሁን መልስ ስላልመጣ፣ ቀጥሎ ላለው ጽሕፈት ቤት እኔ ማቅረብ ግድ ሆነብኝ። ነገሩ የሆነው እንደሚከተለው ነው።

1. ለአብዮቱ በዓል የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ደሞዝ ቀይ ጨርቅ አስፈልጓቸው ነበር። በኅብረት ሱቁ አልነበረም፤ ሐሙሲት ድረስ ሰው ቢልኩም አልተገኘም። የተገኘው ነጭ አቡጀዴ ብቻ ነው። ጓድ ደሞዝ ጎረቤታችን ናቸው፤ ከአብዮቱ በፊት ጋሼ ደሞዝ እንላቸው ነበር፣ አሁንም ሰው በሌለበት እንላቸዋለን። ሲጨንቃቸው እትዬ ሐሊማ ሱቅ ገብተው ከርከዴ ይጠጣሉ። ከርከዴ የእትዬ ሐሊማ ባል በመተማ በኩል የሚያስመጡት ደረቅ ቀይ አበባ ነው፤ ይፈላና በስኳር ይጠጣል። ያን ቀን ብርጭቆው ተደፍቶ የጓድ ደሞዝ ነጭ ሸሚዝ ደረቱ ላይ ቀላ። እትዬ ሐሊማ ደንግጠው ይቅርታ ሲጠይቁ፣ እሳቸው ሸሚዛቸውን ወጠር አድርገው እያዩ «አገኘሁት» አሉ።

2. አቡጀዴው በበርሜል ከርከዴ ተነከረ። ሎሚ ሲጨመርበት ቀለሙ ይበልጥ እንደሚደምቅ እትዬ ሐሊማ ስለሚያውቁ ሎሚም ተጨመረ። በእውነት አምሮ ነበር። በላዩም በጥቁር ቀለም «አብዮታችን ቀለሙን አይለውጥም» ተብሎ ተጻፈ። ጽሑፉን ያመነጩት ጓድ ደሞዝ ራሳቸው ናቸው። በበዓሉ ዋዜማ ግን ከሐይቁ የተነሣ ነፋስ ጨርቁን ከተሰጣበት ገመድ አውርዶ ጭቃ ላይ ጣለው። ከሴቶች ማኅበር አባላት መካከል በአጠባ የምትታወቀው እናቴ ስለሆነች ተጠርታ ተሰጣት።

3. ሳሙና በኅብረት ሱቁ መቼ እንደታየ የሚያስታውስ ሰው በቀበሌያችን የለም። ስለዚህ እናቴ ሳሙና ያጣች ሴት ሁሉ የምታደርገውን አደረገች፤ አመድ በውሃ በጠበጠች፣ ሲጠል ከላይ ያለውን ቀድታ ጨርቁን ነከረችበት። ጨርቁ ሰማያዊ ሆነ። ስታሸው ወደ አረንጓዴ አደላ። እናቴ መጀመሪያ የመሰላት ዓይኗ የታመመ ነው። ጠራችኝና «አንቺ ልጅ፣ ይኼ ምን ቀለም ነው?» አለችኝ። ነገርኋት። ቁጭ አለች።

4. ጓድ ደሞዝ ከሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ጋር ጨርቁን ሊወስዱ መጡ። ዘርግተው ጽሑፉን አነበቡ፤ ከዚያ ቀለሙን አዩ፤ ከዚያ ጽሑፉን እንደገና አነበቡ። በመጀመሪያ ቀስ ብለው «የሻሽዬ፣ ምን አደረግሽኝ?» ነበር ያሏት፤ እንደ ጎረቤት። ጥበቃዎቹ ከኋላቸው መቆማቸው ትዝ ሲላቸው ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አሻጥር ነው!» አሉ። እናቴን እጇ እንደራሰ ወሰዷት።

5. እዚህ ላይ ስለ ኬሚስትሪ ጥቂት እንዳስረዳ ይፈቀድልኝ፤ ያለዚያ የመምህር አምሐ ነገር አይገባም። በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ውስጥ ከባዶ ጠርሙስ በቀር ብዙ ነገር የለም። ስለዚህ መምህር አምሐ አምና ሎሚ፣ አመድ፣ የኮመጠጠ ጠላ፣ እርጎና የከርከዴ ውሃ ከየቤታችን እያስመጡ አስተማሩን። እንደ ሎሚው የሚኮመጥጠው አሲድ ይባላል። እንደ አመዱ ውሃ በእጅ ሲነኩት የሚያሙለጨልጨው ደግሞ ቤዝ ይባላል። ከርከዴ አሲድ ሲነካው ይቀላል፣ ቤዝ ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል፤ ማንም ሳያዘው፣ የማንም ደጋፊ ሳይሆን። ሐይቁ ዳር ወስደውም የልብስ እጣቢ ውሃው ውስጥ ሲደፋ አሳው እንደሚጎዳ፣ እጣቢው መሬት ላይ ቢደፋ እንደሚሻል አሳዩን። እኔም ተምሬ ቤት ስገባ አባቴን የሚያቃጥላቸው ቃር ከሆዳቸው አሲድ የመጣ መሆኑን ነገርኋቸው። «በእኔ ሆድ ያለው ትዕግሥት ብቻ ነው» አሉኝ።

6. እናቴ በታሰረች ማግስት መምህር አምሐ ዘንድ ሄድሁ። ቤታቸው መቀመጥ ይችሉ ነበር። ኮታቸውን ለብሰው፣ ኪሳቸው ውስጥ አንድ ሎሚ ከትተው አብረውኝ ቀበሌ መጡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ወይዘሮዋ ጥፋት የለባቸውም» አሉ መምህር አምሐ። «ቀዩን ሰማያዊ ያደረገው ቤዙ ነው።»

ጓድ አስተዳዳሪ፣ በዚህ ዘመን በከተማችን ቤዝ ሲባል ትልልቅ ሰዎች የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ አናርኪስቶች የሚደበቁበት ቤት። ጓድ ደሞዝ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ቤዙ የት ነው?»

«በየቤቱ አለ። በእርስዎም ምድጃ ውስጥ አለ።»

የቀበሌው ጸሐፊ ይህን ጻፈ። መምህር አምሐ መሳሳታቸው የገባቸው ጸሐፊው ሲጽፍ ነው። ሊያስተካክሉ ብለው፣ ሎሚው ቢጨመር አሲዱና ቤዙ ተገናኝተው ሁለቱም ኃይላቸውን አጥተው ገለልተኛ ይሆናሉ አሉ።

«መሃል ሰፋሪም አለበት በላ» አሉ ጓድ ደሞዝ፤ ያም ተጻፈ። ተማሪዎችን ሐይቅ ዳር ስለ መሰብሰባቸውም ተጠየቁና አልካዱም።

እሳቸውም እዚያው ታሰሩ፤ ሎሚው በማስረጃነት ተያዘ። ከሰዓት በኋላ ስንቅ ይዤ ስመለስ ጥበቃው ሻዩ ውስጥ ጨምቆት አየሁ። ሻዩም ቀለሙ ፈዘዘ፤ ሻዩን ግን ማንም አላሰረውም።

7. ከዚያ ወዲህ ለማስረዳት የሞከረ ሁሉ አልቀናውም። አባቴ ሄደው ነበር። እሳቸው ሲጨንቃቸው ንግግራቸው ወደ ግዕዝ ስለሚያመራ «በሰፊው ሕዝብ ቋንቋ ይናገሩ» ተባሉ፤ በሰፊው ሕዝብ ቋንቋ ደግሞ ምን እንደሚባል ጠፋባቸውና ተመለሱ። እትዬ ሐሊማ ስለ ከርከዴው ልመስክር ብለው ነጠላቸውን ሲያጣፉ፣ እናቴ ባዶውን የስንቅ ሰሃን ስትመልስልኝ «ልጆች አሉሽ፣ እንዳትመጪ» የሚል ቃል ላከችባቸው። አሁን ከርከዴ አይሸጡም። የጠየቃቸውን ሰው «ምኑን?» ይሉታል።

8. እናቴ ምን ስትሠራ እንደምትውል ጽሕፈት ቤትዎ ያውቅ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። የጥበቃዎቹን ካኪ ታጥባለች። ሳሙና ስለሌለ የምታጥበው በአመድ ውሃ ነው። በአመድ ውሃ በማጠቧ ያሰሯት ሰዎች አመዱን ራሳቸው ያቀርቡላታል፤ ካኪያቸውም ቀለሙን አልለወጠም፣ ከርከዴ የለበትማ። በአጥሩ ቀዳዳ ሳያት ግን የእጇ ቆዳ ተልጧል። ቤዝ ሲበዛ ቆዳ እንደሚበላ ተምሬያለሁ፤ ለፈተና ጽፌው ትክክል ተብሎልኛል። ለእጇ ቅቤ በቅጠል ጠቅልዬ ብወስድ ፈታሹ ራሱን ቀባበት።

9. ስለ ጓድ ደሞዝ ክፉ ሰው ናቸው ብዬ አልከስም። ባለፈው ሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ጥበቃ አልተከተላቸውም ነበር። «ጋሼ፣ በሎሚ ይመለሳል እኮ። አሁኑኑ ነክሬ ቀይ አድርጌ ላሳይዎ?» አልኋቸው። ወዲያና ወዲህ አዩ።

«ጨርቁማ ይመለስ ይሆናል፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔ ለበላይ አካል ያልሁት ነው የማይመለስ። አሻጥር ብዬ አመልክቼ ሎሚ ነበር ብል እኔን ምን የሚያደርጉኝ ይመስልሻል?»

እንዲህ ያለው በመጽሐፋችን ውስጥ የለም።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው፦

ሀ) ከዚህ ማመልከቻ ጋር በከርከዴ የተነከረ፣ ቀጥሎም በአመድ ውሃ የራሰ ቁራጭ ጨርቅ አያይዣለሁ። እባክዎ ሎሚ ያንጠባጥቡበት፤ ይቀላል። በእርስዎ ፊት የቀላ ጨርቅ ለጓድ ደሞዝም መውጫ ይሆናቸዋል። ፈጠን ቢሉልኝ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ የአመድ ውሃ ያገኘው ቀለም ብዙ ከቆየ ይበላሽና ሎሚም አይመልሰውም።

ለ) እናቴ እንድትፈታልኝ። ይህ እስኪወሰን ከአጠባው እንድታርፍልኝ።

ሐ) የመምህር አምሐን ጉዳይ እዚህ ላይ ልጽፍ የነበረው እንደ እናቴ አድርጌ ነበር። እሳቸው የደልጊ ሰው ናቸው፤ እዚህ ዘመድ ስለሌላቸው ስንቃቸውን የማመላልሰው እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ሁለት ቋጠሮ ይዤ ሄድሁ። ጥበቃው የእናቴን ተቀበለኝና ሌላውን መለሰልኝ።

«የእሱን ከእንግዲህ አታምጪ» አለኝ።

ተፈትተው ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሌላ ሰው የጠራው ይመስል ፊቱን አዞረ። ቤታቸው ሄድሁ፤ ቁልፉ እንደተንጠለጠለ ነው። ጓድ አስተዳዳሪ፣ ይህ ቃል ስንቅ ለሚያመላልስ ሰው ምን ማለት እንደሆነ በከተማችን የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ፤ እንዳልጽፈው ግን ይፍቀዱልኝ። ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረው ከሆነ የት እንዳሉ ይነገረኝ። ተዛውረው ካልሆነም ይነገረኝ፤ ደልጊ ያሉት እናታቸው የሚያውቁት ልጃቸው አሲድና ቤዝ እንደሚያስተምር ብቻ ነው።

እናቴ አልሰማችም። «እኔን ብሎ በገዛ አፉ የታሰረ ሰው» እያለች፣ በየቀኑ ከቋጠሮዋ ቀንሳ እንዲጨመርላቸው ትልክልኛለች። በአጥሩ ቀዳዳ የምታየው ደግሞ ፊቴን ሳይሆን እጄን ነው። ስለዚህ መልስዎ እስኪደርሰኝ ድረስ ነገም ሁለት ቋጠሮ ይዤ እሄዳለሁ፤ አንድ ብቻ ይዤ ካየችኝ ይገባታል።

ሁለተኛውን ለማን እንደምሰጥ ግን አላውቅም።

ከከበረ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የብርጓል ገብረ መስቀል