ውሻው የት እንዳለ ለሚያውቁት ለተከበሩ ሊቀመንበር

አፉላ፣ ጊቫት ሃሞሬ
ከፋሲካ ማግስት፤ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1978፣ በእናንተ 1986

እጅግ የተከበሩ የሰፈራችን ኮሚቴ፣ የቫዓዱ ሊቀመንበር ሆይ፤

ለመሆኑ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ ደኅና ናቸው? ልጆችዎስ? ሁለቱም እግሮችዎ እንደ ወትሮው ዳገቱን ያወጡዎታል፣ ቁልቁለቱንም ያወርዱዎታል? ለጤናዎ የምጨነቀው ለይስሙላ እንዳይመስልዎ። በዚህ ሰፈር እርስዎ ብቻ የሚያውቁት አንድ ነገር አለና፣ እሱን ሳይነግሩን ክፉ እንዳይነካዎ ቀንም ሌትም እጸልያለሁ።

አረጋሽ እባላለሁ። በጎንደር ገጠር የልጆች አስተማሪ ነበርኩ፤ ዛሬ ከዳገቱ በታች በኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ባለቤቴ ሰይፉ ይባላል፤ የቫዓዳችሁ ውሻ የነከሰው እሱን ነው። ስሙን ደግሜ የምጽፈው በላኩልን ደብዳቤ ላይ «አንድ አዲስ ገቢ» ብለው ስላለፉት ነው፤ ሥራ የሚበዛበት ኮሚቴ የሰውን ስም ሁሉ እንዴት ያስታውሳል ብዬ አልተቀየምኩም። በአማርኛ መጻፌንም እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። የእርስዎ ደብዳቤ በዕብራይስጥ ሲመጣልን ከእኛ ቀድማ የመጣችው ጎረቤታችን ኤስቴር አንብባ ነግራናለች፤ ይህንንም ለእርስዎ ለማንበብ ፈቃደኛ ናት። እስከዚያው በሕንፃው መግቢያ፣ በአውቶቡስ ፌርማታውና በጸሎት ቤታችን በር ላይ ስለለጠፍኩት፣ ከእርስዎ በፊት የሚያነበው ሰው እንደሚበዛ ከወዲሁ በአክብሮት አሳውቃለሁ።

የሆነውን ባጭሩ ላስታውስዎ። ከፑሪም በዓል በኋላ ባለው ሳምንት ሰይፉ የጠዋቱን አውቶቡስ ሊይዝ ሲወርድ፣ ቫዓዱ ሲሚንቶና ብረት በሚያከማችበት ግቢ በኩል አለፈ። ሌላ መንገድ የለም። በሩ ክፍት ነበር፤ ውሻውም አልታሰረም። ባቱን ነከሰው፤ ሰው ደርሶ እስኪያስለቅቀው ድረስም አልለቀቀውም። እዚህ ላይ ጸሐፊዎን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል፤ በገዛ መኪናቸው ክሊኒክ አድርሰውታል። ነርሷ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥባ ስለ ውሻው ስትጠይቅ፣ የቫዓዱ ውሻ መሆኑን፣ በየዓመቱ መከተቡን፣ ከእንግዲህም ታስሮ እንደሚጠበቅ በልበ ሙሉነት የመለሱላት እሳቸው ናቸው። የክትባቱን ወረቀት ነገ አመጣለሁ ብለዋል፤ ያ ነገ እስከ ዛሬ አልመጣም። ነርሷም ቃላቸውን አምና የእብድ ውሻ መርፌው ለጊዜው ይቆይ አለች፤ ውሻው ቢታመም፣ ቢሞት ወይም ቢጠፋ ግን በዚያው ቀን እንዲነገራት አጥብቃ አስጠነቀቀች። ሰይፉ እንደነገረኝ ጸሐፊዎ ይህንን ሲሰሙ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር።

በዚያው ሳምንት እርስዎ ራስዎ ኬክ ይዘው ቤታችን ድረስ መጡ። ክብር ይስጥልኝ። የአገራችን ሰው አስታራቂ አባ ዘበነና ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር። ሰይፉ በታሰረ እግሩ ብድግ ብሎ ይቅር ብያለሁ አለ፤ እርስዎም እጁን ጨበጡት፤ ከኬኩም ቆርሰው አብረው በሉ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ተሠርቷል፤ ስሕተቱም የእኛ ነው። በአገራችን ሰው የጎዳ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቀርባል፤ ተጎጂውም ሲለመን ይቅር ይላል። ይቅር የሚለው ግን ነገሩ እንዲጀመር ነው። ከዚያች ሰዓት ወዲያ ጉዳተኛውን ማስታመም የበዳዩ ዕዳ ነው፤ ቆሞ እስኪሄድ ድረስ እርሻውን ያርስለታል፣ እንጨቱን ይፈልጥለታል፣ ጠዋት ማታ እየመጣ እንዴት አደርክ እንዴት ዋልክ ይለዋል። የነከሰው ውሻ ከሆነም፣ ደኅና መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ሽማግሌዎቹ በሚያዩት ቦታ አስሮ ያቆየዋል። ይቅርታውን ተቀብሎ ዞሮ የማያይ ሰው በእኛ ዘንድ መጠሪያ አለው፤ በተከበረ ደብዳቤ ላይ የሚጻፍ ስላልሆነ ግን እተወዋለሁ። እኛ እንግዲህ እርቁ ወረደ፣ ማስታመሙ ሊጀመር ነው ብለን በር በሩን ስናይ፣ ለካ እርስዎ ኬኩን ሲጨርሱ ጉዳዩንም ጨርሰውት ኖሯል።

ከዚህ በታች ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሰሌዳው አመሰግናለሁ። ሰይፉ ካሳ የማግኘት መብት እንዳለው እንደሌለው ለመጠየቅ አብረን ያለ ክፍያ ምክር የሚሰጡ ጠበቃ ዘንድ ሄደን ነበር። ጠበቃዋ እንደነገሩን፣ የውሻው ጠባቂ ውሻው ተናካሽ መሆኑን ያውቅ እንደነበረ ብናስረዳ አቤቱታችን ይጠነክራል። ለእርስዎ አቤት ስንል ግን ቫዓዱ ውሻው እንደሚናከስ ፈጽሞ አያውቅም ነበር ብለው ጻፉልን። ታዲያ በግቢው በር ላይ፣ ሰይፉ ከመነከሱ በፊት ጀምሮ፣ በቀይ ቀለም «ተጠንቀቁ፣ አደገኛ ውሻ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር፤ እኛ ፊደሉን ገና ስለምንማር አላነበብነውም እንጂ ኤስቴር በየቀኑ ስታነበው ኖራለች። ሰሌዳውን የጻፈው አንድ ቫዓድ፣ ደብዳቤውን የጻፈው ሌላ ቫዓድ መሆን አለበት። ይህንን ባነሳን ማግስት ሰሌዳው ከበሩ ላይ ወርዷል፤ ሁለቱ ቫዓዶች ተገናኝተው መነጋገራቸው አስደስቶኛል።

ሁለተኛ፣ ተበዳዩ በምስክሮች ፊት ይቅር ስላለ መብቱን ሁሉ ትቷል፤ ስለዚህ ጉዳዩ ተዘግቷል የሚለውን ውሳኔ ላስተላለፉበት ትጋት ላመሰግንዎ እወዳለሁ። አቤቱታውን የተቀበሉት እርስዎ፣ የተከሰሰው ውሻ የእርስዎ፣ የፈረዱትም እርስዎ በመሆንዎ ከብዙ ድካም አዳኑን። ለምስክርነት የጠሯቸው የእኛኑ ሽማግሌዎች መሆኑ ደግሞ ልዩ ብልሃት ነው። አባ ዘበነ ይህ ሲነገራቸው፣ ሰው አስታርቀው እንዲህ ያፈሩበት ቀን እንደሌለ ነው የነገሩኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ ውሻው። ከሥራ ስመለስ ሁልጊዜ በአጥሩ በኩል አየው ነበር። አንድ ቀን አልጮኸም። በማግስቱ ምግቡ እንደተቀመጠ ነበር፤ ውሻውም አፉን ከፍቶ፣ ምራቁ እየወረደ፣ የታሰረበትን ሰንሰለት ይነክስ ነበር። በሦስተኛው ቀን የውሃ ሽታ ሆነ። ሰንሰለቱም የለም። ለጸሐፊዎ ስንነግር ሳቭላኑት፣ ትዕግሥት፣ አሉን። ለእርስዎ ስንጽፍ ቫዓዱ ውሻ የለውም የሚል መልስ ደረሰን። የለውም ነው ያሉት፤ ነበረው አላሉም፣ ሞተም አላሉም። ግቢው ጥግ፣ ያረጁ በርሜሎች በነበሩበት ቦታ ግን አዲስ ሲሚንቶ ፈስሷል። ለግድግዳ ጠባብ ነው፤ ለደረጃም አይሆን። ስፋቱ አንድ ውሻ ጥቅልል ብሎ የሚተኛበትን ያህል ነው። ሰፈራችን በየጊዜው እየታደሰ በመሆኑ እንኳን ደስ አለዎት።

እኛ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒኩ ሮጥን። ሐኪሙ ወዲያውኑ መርፌውን አዘዘ። መርፌው አሁን እየተሰጠ ነው፤ ሰይፉም አንዱንም ሳያጓድል እየተወጋ ነው። በጊዜው ደርሰን እንደሆነ ስጠይቀው ሐኪሙ ተስፋ እናደርጋለን አለ፤ ቀጥሎም ውሻው ቢገኝ፣ ወይም የሞተበት ምክንያት እንኳ ቢታወቅ ብዙ ነገር ይለይ ነበር አለ። እሱ የጠየቀው የእንስሳት ሐኪምም ውሻው ቀድሞ ቢቀርብለት ኖሮ ይህ ሁሉ ጥያቄ አይኖርም ነበር ብሏል። ሁለት ሐኪሞች የማያውቁትን አንድ ነገር የሚያውቁ ሰው በሰፈሬ በመኖርዎ እኮራለሁ።

አራተኛው ምስጋና አይደለም፤ ቢሆንም ልጻፈው። ሰይፉ በሱዳን መንገድ የደከመ ሰው በጀርባው ሲሸከም የኖረ ሰው ነው፤ በዚያ ሁሉ ጉዞ ሲፈራ አላየሁትም። አሁን ፈርቷል። አጎቱ በእብድ ውሻ ተነክሶ ሲሞት በዓይኑ አይቷልና ምን እንደሚመጣ ማንም እንዲነግረው አያስፈልገውም። ስለዚህ ለብቻው ይበላል፤ በገዛ ጣሳው ይጠጣል። ትንሿ ልጃችን ማሬ ከትምህርት ቤት መጥታ ልታቅፈው ስትሮጥ፣ አባቷ ግድግዳው እስኪይዘው ድረስ ወደ ኋላ ይሸሻል። ልጅቷ አባዬ ተቆጣኝ ብላ ታለቅሳለች። በጓዳው የሚተኛው ብቻውን ነው፤ ቁልፉን ለእኔ ሰጥቶኛል፤ እንደ ሌላ ሰው ካደረገኝ በእኔ ላይ ቆልፈሽ ማሬን ይዘሽ ውጪ፣ ብሎ አስምሎኛል። ይህ ቁልፍ በአንገቴ ላይ ታስሮ ነው የእርስዎን መልካም ጤና የምመኘው። ፈርቻለሁ። ከፍርሃቴም ይልቅ ተናድጃለሁ፤ ይህንን በጨዋ አማርኛ መሸፈን አልቻልኩም።

እንግዲህ ልመናዬ ትንሽ ናት። ካሳው በሕግ የሚገባ ከሆነ ሕጉ ይጨርሰዋል፤ ጠበቃዋ ወረቀቱን ይዘዋል፤ እሱ ከእርስዎ ጋር አያጨቃጭቀኝም። እኔ የምጠይቀው የማንም ገንዘብ ሊገዛው የማይችለውን ነገር ነው። ውሻው በእርግጥ ተከትቦ ነበር ወይስ አልነበረም? ታሞ ሞተ ወይስ ተገደለ? ከሲሚንቶው ሥር ያለው ማነው? እነዚህን ከመለሱልኝ ሐኪሙ የሚያደርገውን ያውቃል፤ ሰይፉም ልጁን ያቅፋል ወይም አያቅፍም፤ ግን ያውቀዋል። መልሱን ለመስጠት ደብዳቤ መጻፍ፣ ስብሰባ መጥራት አያስፈልግም። ወደ ቤታችን የሚያወጣውን ደረጃ ያውቁታል።

መልስ ካልሰጡኝ ደግሞ አልጮህም፣ ድንጋይም አልወረውርም፤ እኔ አስተማሪ ነኝ። የጠዋቱ አውቶቡስ እስኪመጣ በየቀኑ ከግቢው በር ፊት እቆማለሁ፤ ከእኔም ጋር የሚቆሙ አሉ። ልጆቻቸውን በዚያ መንገድ የሚያሳልፉ እናቶች ሁሉ፣ ከእኛ አገር የመጡትም ያልመጡትም፣ ከሲሚንቶው ሥር ያለውን ማወቅ ፈልገዋል። መዶሻ ያላቸው ወንዶችም ጠይቀውኛል፤ ለጊዜው ትዕግሥት፣ ሳቭላኑት፣ ብያቸዋለሁ። ቃሉን ያስተማሩን የእርስዎ ጸሐፊ ናቸው።

በተረፈ ቤትዎ ይሙላ፣ በርዎ ይታጠር፤ በርዎን አልፎ የሚገባ ክፉ አይምጣብዎ፤ የሚመጣው ሁሉ በስምዎ የሚጠራዎ ይሁን። ለባለቤትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ሲሚንቶ የነካ ልብስ አጥበው እንደሆነም ድካማቸው ይታየኛል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ያለ ምንም መርሳት፣
የአዲሱ ገቢ የሰይፉ ባለቤት
አረጋሽ

ማሳሰቢያ፦ በደብዳቤዎ ሰይፉ ይቅር ማለቱን ደጋግመው ጽፈዋል። እውነት ነው፤ ብሏል፤ እሱም ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። ትናንት ግን አባ ዘበነና ሁለቱ ሽማግሌዎች እቤታችን መጥተው በችኮላ ያለፉትን ነገር ነገሩኝ፤ በእኛ ወግ የተጎዳው ባል ከሆነ ሚስትም ተለምና እሺ ካላለች እርቁ አልወረደም። ኬክ ይዘው የመጡ ዕለት እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። እኔን የለመነኝ የለም፤ እኔም ይቅር አላልኩም።