ስሙ ከካሜራዬ ስም ጋር የማይገናኝ ሌንስ

ለውድ ወንድሜ ለነጅመዲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱ። ከሞያሌ እስከ ጆሃንስበርግ ያለውን አገር ሁሉ አቋርጦ ሰላምታዬ በጤና ያግኝህ። እንዴት ነህ ነጅሙ? ወገብህስ ተሻለህ? ካርቶኑን እስካሁን ራስህ የምታነሳ ከሆነ ከሩቅ ተቆጥቻለሁ። ባለቤትህ ሀያቱ ደህና ናት? የትንሿ ኸይራ ጥርስ ወጣ ወይስ አሁንም ጣቷን ብቻ ነው የምትነክሰው? ሱቃችሁስ? ሰፈራችሁ ሰላም ነው? በየዜናው የምሰማው ነገር ሁሉ ያንተ መንገድ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አክስታችን ካልቶማ ጉልበቷን ያማታል፤ አፏን ግን አያማትም፤ ሰፈራችንን ማንያታን ከጥግ እስከ ጥግ እንደበፊቱ ታስተዳድራለች። ጾሙ ሳይገባ ሰርጉ ተደራርቦ ከተማው ሁሉ ሂና ነው። እኔም ሥራ በዝቶብኛል፤ ከስቻለሁ ይላሉ እንጂ ምግብ እበላለሁ።

ይህን ሁሉ በስልክ መናገር አቅቶኝ አይደለም። በስልክ ከሆነ «እሺ እሺ፣ አንቺ አትጨነቂ» ብለህ ታቋርጠኛለህ። ወረቀት ግን አይቋረጥም። ከአባታችን ጋር ይነግድ የነበረው ሀምዳን ወደ አንተ ከተማ ስለሚመጣ በእጁ ይዞልህ ይመጣል፤ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው። ነገሩ የሌንሱ ነገር ነው። ካሜራዬን የሠራውን የራሱን የካምፓኒውን ሌንስ ልትገዛልኝ ብለህ ለዓረፋ አገር ቤት የምትገባበትን ቲኬት እንደተውክ ሰምቻለሁ። ሀያቱን እንዳትቆጣት፤ አምልጧት ነው። እናታችን ወራቤ ላይ ይህን አታውቅም። ለቅርጫው ያንተን ድርሻ አስመዝግባለች፤ ሰባት ዓመት ያላየችውን ልጇን ለጎረቤቱ ሁሉ ቀን እየቆጠረች ታወራለች።

ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ ግን ሌንስ ለምን እንዳስለቀሰኝ በደንብ አስረድቼህ አላውቅም። እዚህ በሙስሊሞቹ ሰርግ የሴቶቹ አዳራሽ ውስጥ ወንድ አይገባም። በር ላይ አንዲት አሮጊት ይቀመጡና የገባችውን ሁሉ ስልክ በሳፋ ይሰበስባሉ። ሻሽ ወርዶ ፀጉር ተፈትቶ የሚጨፈርበት ቦታ ስለሆነ ካሜራ ይዤ የምገባው እኔ ብቻ ነኝ፤ ስጨርስም ካርዱን ከካሜራው አውጥቼ ለሙሽራዋ እናት አስረክባለሁ። አንድም ፎቶ ከእኔ ጋር አይወጣም። ሰው የሚጠራኝ ለዚህ እምነት ነው። ችግሩ ግን መስኮቱ ሁሉ በመጋረጃ ይዘጋል፣ ከላይ ቀይና አረንጓዴ አምፖል ብቻ ነው። ፍላሽ ካበራሁ ሙሽራዋ ዱቄት የተነፋባት ትመስላለች፤ ሂናውም ይጠፋል። ፍላሹን ከተውኩት ደግሞ ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ ብርሃን በደንብ ስለማያስገባ የሚጨፍሩት ሁሉ ጭስ ይሆናሉ። አምና አንዲት እናት ከካርዱ ያሳተሙትን አልበም አገላብጠው አገላብጠው ልጃቸው የቷ እንደሆነች ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲያ ያ ቤተሰብ አልጠራኝም።

ያኔ ነው ሥራውን ያስተማረችኝ የፎቶ ቤቱ ባለቤት አግነስ የራሷን ሌንስ ያቀበለችኝ። ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ጨለማ ላይም ያነሳል። አገላብጬ ጎኑን ሳየው የተጻፈበት ስም ከካሜራዬ ስም ጋር አይገናኝም። በልቤ ፌክ ነው አልኩ። ምን ላድርግ፣ የአባታችን ልጅ አይደለሁ? እሱ ባትሪም ሽቶም ሲገዛ መጀመሪያ ጽሑፉን በጥፍሩ ፈግፍጎ ነበር የሚያየው። በዚህ ድንበር የሚያልፍ ዕቃ ለእኛ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ ኦሪጅናልና ፌክ። አንድ ካምፓኒ በገዛ ስሙ፣ በገዛ ፋብሪካው፣ ለሌላ ካምፓኒ ካሜራ የሚሆን ሌንስ ይሠራል ቢሉኝ አልሰማሁም። አመስግኜ መለስኩላት።

ከዚያ ያለ የሌለኝን ሰብስቤ ናይሮቢ ላለ ሻጭ ደወልኩ። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የራሱ የካምፓኒው ነው ወይ? አዎ አለኝ፤ አልዋሸም። ዕቃው በባስ መጣ። አክስቴ ካልቶማ የካርቶኑን ማሸጊያ መርምራ፣ ጽሑፉን በጣቷ ዳስሳ፣ ዕቃ ማለት ይሄ ነው አለች። ካሜራው ላይ ላስገባው ብል ግን እምቢ አለ። አክስቴማ አዲስ ስለሆነ ነው፣ አጥብቀሽ ጠምዝዢው ብላ ልታግዘኝ ተነሳች። ደግነቱ አልሰማኋትም። ለካ ካምፓኒው ራሱ ሁለት ዓይነት መግጠሚያ አለው፤ አንዱ እንደኔው ላለው ለቆየ ካሜራ፣ ሌላው ለአዲሶቹ። እኔ ስሙን ሳጣራ መግጠሚያውን መጠየቅ ረስቻለሁ። አግነስ እስክትጠግብ ከሳቀችብኝ በኋላ፣ በዚያ ከስዋሂሊ ጋር በተደባለቀ አማርኛዋ «ዳዳ፣ እህቴ፣ ካሜራ ስም አያነብም። ከገጠመና ብርሃን ካስገባ፣ ባሲ፣ በቃ፣ ይሠራል» አለችኝ። ሻጩ መልሼ ስልክለት ተቀበለኝ፣ አላህ ይስጠው። ለእኔ ካሜራ የሚሆነው የካምፓኒው ሌንስ ግን ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። በስልክ ያለቀስኩብህ ያን ሳምንት ነው። አንተም ኦሪጅናሉን እልክልሻለሁ አልከኝ። ማልቀሴ ጥፋቴ ነበር፤ ይቅር በለኝ።

ሀያቱ የቲኬቱን ነገር ከነገረችኝ በኋላ ግን እልህ ያዘኝ። የመንግሥት ስብሰባ የሚያነሳውን ዴኒስን የካምፓኒውን ሌንስ ለግማሽ ቀን እንዲያውሰኝ ለመንኩት፤ ከአግነስም ያንን የናቅኩትን ሌንስ አፍሬ ተዋስኩ። አክስቴን ሱቋ ውስጥ አስቀምጬ፣ መዝጊያውን ገርበብ አድርጌ፣ በአንዱም በአንዱም አነሳኋት። የዴኒስ ይበልጣል፤ አልዋሽህም። ቶሎ ይይዛል፣ ድምፅ የለውም፣ ጥግ ላይ የተሰቀለው ጨርቅ አበባው ሳይቀር ይለያል። የአግነስ ሲያነጣጥር ጥዝ ይላል፣ አንዳንዴም ፊቷን ትቶ ከኋላዋ ያለውን መደርደሪያ ይይዛል፣ ጠርዙም ትንሽ ይፈዛል። አንድ ቀን ልሽጠው ብልም እንደ ካምፓኒው ዋጋ እንደማያወጣ አግነስ ራሷ ነግራኛለች። ሁለቱን ፎቶ አትሜ፣ የቱ በየትኛው እንደተነሳ ሳልናገር አክስቴ ፊት አስቀመጥኩና ምረጪ አልኳት። መነጽሯን አደረገች፣ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች።

«በሁለቱም አርጅቻለሁ» አለችና ወደ ደንበኛዋ ዞረች።

ፎቶዎቹን እዚህ ውስጥ አድርጌልሃለሁ። ጀርባቸው ላይ ምንም አልጻፍኩም፤ እስቲ አንተው ለይ።

ዋናው ፈተና ግን ባለፈው ሳምንት ሄሉ ሰፈር ፈርሂያ የምትባል ልጅ ሰርግ ነበር። የአግነስን ሌንስ ይዤ ገባሁ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ፎቶዎች አበላሸብኝ፤ ሙሽራዋን ትቶ መጋረጃውን እየያዘ ላብ በላብ አደረገኝ። ካሜራውን ወርውሬ ልወጣ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ትንፋሼን ሰበሰብኩና መሯሯጡን ተውኩ። የካሜራውን የመሀል ማነጣጠሪያ ነጥብ ብቻ መርጬ፣ ጨፋሪዎቹ ዞረው ወደ እኔ የሚመለሱበትን ምት እየጠበቅኩ አነሳሁ። ፍላሽ አላበራሁም። ሴቶቹም ፍላሹ ሲጠፋ ረሱኝ መሰለኝ እንደ ልባቸው ሳቁ። በማግስቱ እናትየው ቤት ሄጄ ካርዱን በላፕቶፕ ከፈትኩላቸው። ሂናው በየጣቷ ይታያል፤ ከጉንጯ ላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ እንኳ አለች። ሴትዮዋ «ኢንተላ ኮ» አሉ በኦሮምኛ፤ ከዚያ ለእኔ እንዲገባኝ ብለው «ልጄ፣ ራሷ ናት» አሉኝ። ከመነሳቴ በፊት ለእህታቸው ልጅ ሰርግ ያዙኝ፤ ቦታው ጎዶማ ነው። ሌላም አንድ ቤት ጠርቶኛል። ነጅሙ፣ ከእንግዲህ በዚህ ሥራ እንደምኖር ያወቅኩት ያን ቀን ነው፤ እየተመለስኩ ቦዳቦዳው ሞተር ላይ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሰኞ ዕለት እንደ አግነስ ያለውን አዲስ ሌንስ ገዛሁ። በራሴ ሥራ። በዚህኛው ጊዜ ለሻጩ መጀመሪያ የነገርኩት የካሜራዬን ዓይነት ነው። መጣ፣ ጠቅ ብሎ ገጠመ፤ የዋስትና ወረቀትም አለው። አክስቴ አሁንም የጎኑን ስም በጥርጣሬ ታየዋለች፤ እኔ ግን በመንገዳችን አቧራ እንዳይበላሽብኝ በነጠላዬ ጠቅልዬ ነው የምይዘው።

እንግዲህ ያንተ ምክንያት አለቀ። ደግሞ የልቤን ልንገርህ፤ ይህን ሀያቱ አልነገረችኝም፣ ራሴ ነው የጠረጠርኩት። ቲኬቱን የተውከው ለሌንሱ ብቻ አይመስለኝም። ከሰባት ዓመት በኋላ ባዶ እጅህን ወራቤ መግባት አሳፍሮህ ነው። የእገሌ ልጅ ቤት ሠራ፣ የእገሌ ልጅ መኪና ገዛ የሚሉህን ፈርተህ፣ ለእህቴ ላክሁ ብለህ ከእኔ ኋላ ልትደበቅ ነው። ተሳስቼ ከሆነ ሳቅብኝ። ካልተሳሳትኩ ግን ስማኝ ወንድሜ፤ እናታችን ካርቶንህን ገልጣ ምን ይዘህ እንደመጣህ አታይም። በእጇ ፊትህን ነው የምትዳስሰው። እኔ ለካሜራዬ ሌላ ካምፓኒ የሠራው ሌንስ ይበቃኛል። ለእሷ ግን ባንተ ቦታ የሚገጥም ሌላ ሰው የለም። ቲኬቱን ቁረጥ። እኔም ከዚህ በባስ እወጣለሁ፤ ለዓረፋ ሁላችንም እዚያ እንገናኝ።

ሀያቱን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ፤ ምስጢር መጠበቅ ስላልቻለች አመሰግናታለሁ በላት። ኸይራን እስክታለቅስ ድረስ ሳምልኝ። አብረውህ ለሚሠሩት የአገራችን ልጆች ሁሉ በየስማቸው ሰላምታዬን አድርስ። አክስቴ ካልቶማ ሰላም ብላሃለች፤ ወገብህን በሰሊጥ ዘይት አሽ ትላለች። አግነስም ሰላም ብላሃለች፤ ሳታውቅህ እንደ ወንድሟ ነው የምታወራህ። የእናታችንን ሰላምታ ግን አልጻፍኩልህም። ትናንት በስልክ ለነጅሙ ደብዳቤ ልልክ ነው፣ ምን ልበልልሽ ብላት፦

«ምንም አትበይልኝ» አለች። «ሲመጣ እኔው እነግረዋለሁ።»

እህትህ ኑርሀን
ሞያሌ፣ ማንያታ፣ ኬንያ
ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.