የጊቭ አፕ ተቃራኒ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሦስተኛ ክ/ጊዜ፣ 9ኛ ለ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ «ጊቭ አፕ» ጻፍኩ። ትርጉሙን ስጠይቅ ሁሉም ባንድ አፍ ተስፋ መቁረጥ አሉኝ። እሱ ብቻ አይደለም አልኳቸው፤ ልማድን መተውም ነው፣ እጅ መስጠትም ነው፣ የያዙትን ለሌላ መልቀቅም ነው። ምሳሌ አምጡ። አንዷ አባቷ በረመዳን ጫት ጊቭ አፕ እንደሚያደርግና በኢድ ማግስት መልሶ እንደሚጀምር ጻፈች። ሳቅኩ። እንዴት እንደሳቅኩ እንጃ። ከኋላ አንዱ ተቃራኒውን ጠየቀኝ። ሌላ ቀን እነግርሃለሁ አልኩት። መምህር መልስ ሲጠፋው ሌላ ቀን ይላል።

ቤት ስደርስ የባሌ አባት፣ ጋሽ ይመር፣ ከቀወት መጥተው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ያው ነገር። ባሌ ሰይድ ከጅቡቲ ጠረፍ ደውሎ ማታ ባሕሩን ወደ ዓረብ አገር እንሻገራለን ካለኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ጀልባዋ ሰጥማለች ይባላል። ያየ ግን የለም። ጋሽ ይመር ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሰላተል ጋኢብ ይሰገድለት ይላሉ፤ አስከሬኑ ለሌለ ሰው የሚሰገደውን። ኢማሙ ደግሞ ሚስቱ ሳትቀበል አልሰግድም ብለዋል። ስለዚህ ነገሩ እኔ ላይ ቆሟል። ጋሽ ይመርን እምቢ አልኳቸው። ውሃ እንኳ ሳይጠጡልኝ ሄዱ።

ከተሰገደ ሞቷል ማለት ነው። አልችልም። ሰማህ ደብተሬ? አልችልም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

መብራት የለም። በስልኬ ብርሃን ነው የምጽፍልህ።

የት/ቤቱን ወፍራም መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ዋልኩ። ጊቭ አፕ ጥንት ማስረከብ ነበር ይላል። የተከበበ ምሽግ ለከበበው ሲሰጥ። ተስፋ መቁረጡ ኋላ የመጣ ነው። ተቃራኒውም አንድ አይደለም፤ ሙጥኝ ማለት አለ፣ መቀጠል አለ፣ አዲስ ነገር መጀመርም አለ። እኔ የቱ ነኝ? ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል፤ እኔ ያ ነኝ።

እትዬ ፋጤን፣ ከጋሽ ይመር ተፋተው ብቻቸውን የሚኖሩትን የሰይድን እናት፣ ዛሬም ደውዬ ዋሸኋቸው። ሳዑዲ፣ ጂዛን እስር ቤት ያየው ሰው አለ አልኩ። አልሐምዱሊላህ አሉ፣ ድምፃቸው ቀዝቀዝ ብሎ። ምስኪን። ሞቷል የሚል ቢሰሙ አይተርፉም። እምቢታዬ ግማሹ ለሳቸው ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ካራቆሬ ደርሼ መጣሁ። ከድር የሚባል ከስደት ተመላሽ አለ፣ ባጃጅ ይነዳል፣ ከሰይድ ጋር ጠረፉ ላይ ነበር ብለው ጠቁመውኝ ነው። አገኘሁት። ለሱም ቤተሰቡ አልቅሶለት፣ ሰደቃው ተበልቶ፣ ኋላ በእግሩ ከተፍ አለ። ይህን ሲነግረኝ ልቤ ዘለለ። ያ አላህ! የተለቀሰለት ሰው ባጃጅ ይነዳል!

ስለ ሰይድ ስጠይቀው ባጃጁን ዳር አቆመ። ሰይድ ፊተኛዋ ጀልባ ላይ ነበር። ከድር ሁለተኛዋን ይጠብቅ ነበር። ፊተኛዋ ሳትርቅ ተገለበጠች። ሲነጋ ውሃው መልሶ ያወጣቸውን እነ ከድር አሸዋ ውስጥ ቀበሩ፣ ደላሎቹ እያጣደፏቸው፣ ሳይሰገድባቸው። ሰይድ ከነዚያ አንዱ ነበር። ፊቱን አይቶታል።

እስካሁን ለምን ዝም አልክ ብዬ ጮህኩበት። ግራ ገባው። ዝም አላልኩም አለኝ፤ እናቱ አምና እዚሁ ድረስ መጥተው ጠይቀውኝ ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ።

እናቱ። አምና።

ይብቃኝ ለዛሬ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ር/መምህሩን አስፈቅጄ ቀወት ሄድኩ። ማሽላው አፍርቷል፣ ግሪሳ ወፍም መጥቷል። እትዬ ፋጤ ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ናቸው። እዚህ አገር ወፍ ጠባቂ ለጎረቤቱ ጮሆ ሳይነግር ከማማው አይወርድም፤ ወፉ አንዱ ማሳ ላይ ካረፈ ለሁሉም አይመለስም። ስለዚህ እኔ ወጣሁ።

ከድርን አገኘሁት አልኳቸው። አልደነገጡም። ጠጠር አጉርሰው ወረወሩ። ከዚያ ቁጭ አሉ።

«ሰይድንስ ባሕር ወሰደብኝ» አሉ። «ከተሰገደ ኢዳሽን፣ የሐዘን ወራትሽን፣ ትጨርሻለሽ። ወንድሞችሽ ከደብረ ሲና መጥተው ይወስዱሻል። ማን ይቀረኛል? ግን ስንት ጁምዓ አለፈ፣ ልጄ ሳይሰገድለት! አላህንም ፈራሁ፣ አንቺን ማጣትም ፈራሁ፣ ዘሀራዬ።»

እኔ እሳቸውን እዋሻለሁ፤ እሳቸው ያመኑ መስለው አልሐምዱሊላህ ይሉኛል። አንድ ዓመት ሙሉ። ተቃቅፈን አለቀስን፣ እስኪበቃን። ወፉ ወረደ። የማዶው ጎረቤት ከማማው ሆኖ ተኛችሁ ወይ እያለ ጮኸብን። ተነስቼ ወንጭፉን ተቀበልኳቸው። አንድም አልመታሁ፤ ወፉ ግን ተነሳ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22፣ ረፋድ

ቀወት ነኝ፣ እትዬ ፋጤ ቤት። ለጋሽ ይመር ነገርኳቸው። ይሰገድለት። ግንባሬን ሳሙኝ።

ለታላቅ ወንድሜ ደወልኩለት። ኢዳዬን እዚሁ እቀመጣለሁ፣ ሲያልቅም እንዳትመጣ አልኩት። ገና ወጣት ነሽ፣ ከባልሽ እናት ጋር ልታረጂ ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። ይቆጣ።

ትናንት 9ኛ ለዎች ተቃራኒውን ደግመው ጠየቁኝ። ሦስቱንም ጻፍኩላቸው። የቱ ነው ልክ አሉ። እንደ ሰዉ ነው ብዬ ቶሎ ሰሌዳውን አጠፋሁት።

የበረታሁ እንዳይመስልህ። በድምፅ ማጉያ ስሙን ሲጠሩት ምን እንደምሆን አላውቅም። እትዬ ፋጤ ጓሮ ውዱእ እያደረጉ ነው፤ የውሃው ድምፅ ይሰማኛል። ሰይዴን ዛሬ ለአላህ አስረክባለሁ። እናቱን ግን ለማንም

አዛን አለ። እየጠሩኝ ነው።