ተናጋሪውን አትግዢ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ከደረጃው ጋር ታረቀ? ልጅሽ ደህና ናት? ባሏስ አሁንም ሰው እያወራው ጋዜጣ ያነባል? እኔ ከወገቤና ከጎረቤቴ ራዲዮ በቀር የምከሰው የለኝም፤ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ድፍን ሦስት ሳምንት ሆነው። መልስ ያዘገየሁት አንድም የሰጠሽኝን ሥራ ስሠራ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እየፈራሁም ቢሆን እደርስበታለሁ።

ልጅሽ የመጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ ልትገዛልሽ ማሰቧን ጽፈሽ፣ የትኛው እንደሚሻል አይቼ እንድነግርሽ አዘዝሽኝ። ያስቀመጥሽው መመዘኛ አንድ ብቻ ነው፤ የሚናገር ይሁን። ዓይኖቼን ታውቂያቸዋለሽ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ አላምናቸውም፣ ያንቺን ደብዳቤ እንኳ ጮክ ብላ የምታነብልኝ ልጄ ናት አልሽ። የዓይን ሐኪሙ ለዕድሜሽ ደህና ናቸው፣ መነጽር ይበቃሻል እንዳለሽም ጽፈሻል፤ ከሥሩ ደግሞ ሐኪም ምን ያውቃል የሚል ጨምረሻል። እሷን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት።

ሥራውን ግን በደንብ ነው የያዝኩት። ከቤቴ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ስልክና ኮምፒውተር የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ አራት ቀን ተመላለስኩበት። ሻጯ በመጀመሪያው ቀን እናቴ ብላ ወንበር አቀረበችልኝ፤ በሦስተኛው ቀን ወንበሩን ራሴ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሥራዋን ግን ታውቃለች። ዕቃ ከማሳየቷ በፊት የሚገዛላት ሰው እንዴት ነው የምታነበው ብላ ጠየቀችኝ፤ የት ተቀምጣ፣ ለስንት ሰዓት፣ በየትኛው እጇ ይዛ። እኔም ነገርኳት። መስኮት ሥር ነው የምታነበው አልኳት፣ ግራ ክንዷን ጠረጴዛ ላይ አጋድማ። ጣቷን በምራቋ ሳታርስ ገጽ አትገልጥም፤ ሃያ ዓመት ተቆጥቻት አልተወችም። መጨረሻውን ገጽ መጀመሪያ አንብባ፣ ማን እንደሚሞት አጣርታ፣ ከዚያ ልቧ አርፎ ወደ ምዕራፍ አንድ ትመለሳለች። የወደደችውን መጽሐፍ ታውሳለች፣ የተዋሳት ሰው ሲያስቀርባት ኩርፍ ብላ ሌላ ትገዛለች። ሻጯ ሳቀችና ይሄኛው ልማድ እንኳ አይሆንላትም አለች፤ ሁሉም መጽሐፍ አንድ ዕቃ ውስጥ ስላለ አንዱን ማዋስ መደርደሪያውን በሙሉ ማዋስ ነው። ምራቁንም እኔው ከልክዬሻለሁ።

ይህን ሁሉ ስነግራት ዛሬም እንደምታነቢ አድርጌ ነበር። መጽሐፍ ከገለጥሽ አሥራ አራት ዓመት እንደሆነሽ አልነገርኳትም።

ሻጯ ሦስት ዕቃ አሳየችኝ። አንደኛው ትንሽ ነው፤ ከደብተር አይከብድም። ገጹ እንደ ስልክ ዓይን አይወጋም፣ ወረቀት ነው የሚመስለው። ሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ይዤው ወጣሁ፤ ምንም ሳያብለጨልጭ አነበብኩት። አንዴ ቻርጅ ካደረግሽው ሳምንታት ይቆያል። አይናገርም፣ አይዘፍንም፣ ማን ደወለ ብለሽ እንድትነሺ አያደርግሽም። ፊደሉን የፈለግሽውን ያህል ታሳድጊዋለሽ። መጀመሪያ የእኛን ፊደል ሳስከፍተው ገጹ ሙሉ ሳጥን በሳጥን ሆኖ ወጣና ልመልሰው ነበር፤ ሻጯ የፊደሉን ቅርጽ ጫነችበትና ጥርት ብሎ መጣ። ልጅሽ ይህን እዚያው ሱቅ ውስጥ አስከፍታ ትየው፣ ቤት ገብታ እንዳትናደድ። ሌላም አለ፤ ገጻቸው እንደ ፎቶ ተነሥቶ የተቀመጡ መጻሕፍት በዚህ ላይ አይመቹም። ፊደሉን ላሳድግ ስትይ ገጹ ከነኅዳጉ ያብጥና ግማሹ ከመስታወቱ ውጭ ይቀራል።

ሁለተኛው ሰፊ ነው፣ ብዕርም አለው። ገጹ ላይ መጻፍ ይቻላል ስትለኝ መቼም ታውቂኛለሽ። ለማሳያ የተከፈተ አንድ ልቦለድ ነበር። እሷ ሌላ ደንበኛ እስክታስተናግድ ምዕራፍ አንድን ጨርሼ፣ አሥራ ሰባት ስህተት አርሜ፣ ሁለት አንቀጽ አዛውሬ፣ ግርጌው ላይ ፈርሜ ጠበቅኋት። ይሄ እኮ ደንበኛ የሚያየው ዕቃ ነው ብላ ጮኸች። እንግዲያማ ታርሞ ይየው አልኳት። ማጥፋቱ አልሆንላት ሲል የሱቁ ኃላፊ ተጠራ፤ እሱም ሲነካካው ቆይቶ እጁን ሰጠ። እስከ ትናንት ፊርማዬ እዚያው ነበር። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ግን ተጋድመሽ ስታነቢ እጅ ይሰብራል፣ ቦርሳም አይገባም። ላንቺ አይሆንም።

ሦስተኛው ያዘዝሽኝ ነው፣ ተናጋሪው። የሴት ድምፅ ነው ያለው። አንዳንዱን ቃል ያለቦታው ያላላዋል፣ አራት ነጥብ ላይ ሳይተነፍስ ያልፋል፤ ግን ይሰማል። ከቤቴ ይዤው የሄድኩት የቆየ መጽሐፍ ዕቃው ውስጥም ተገኘ። ዝም ብሎ ማዳመጥ አላስችል ሲለኝ መጽሐፌን ገለጥኩና ማሽኑ ሲያነብ በጣቴ እየተከተልኩ ማየት ጀመርኩ። ሁለት ገጽ ከሄድኩ በኋላ ነው የማን ቦታ እንደተቀመጥኩ የገባኝ።

ሃያ ዓመት ሙሉ በማተሚያ ቤቱ እርማት ክፍል ውስጥ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ደራሲው የጻፈውን ኦሪጅናል ይዤ፣ ነጠላ ሰረዙንና አራት ነጥቡን ሳይቀር በስሙ እየጠራሁ፣ ጮክ ብዬ አነብልሻለሁ። አንቺ ታይፒስቷ የተየበችውን ገጽ በእርሳስ ጫፍ ትከተያለሽ። የማይገጥም ነገር ስታገኚ ጠረጴዛውን ኳ ታደርጊያለሽ፣ እኔ እቆማለሁ። ሲያልቅ ግርጌው ላይ ትፈርሚያለሽ። የማተሚያ ቤቱ ደንብ ነው፤ የሚያነብ አይፈርምም፣ የሚከተል ይፈርማል። ድምፄ ተዘግቶ በሹክሹክታ ባነበብኩበት ሳምንት እንኳ ቦታ አልተቀያየርንም።

ስድስተኛው ገጽ ላይ ማሽኑ አንድ ቃል አነበበ፤ መጽሐፌ ላይ ያ ቃል የለም። በኋለኛው እትም ታርሞ የተጨመረ ይሆናል። እኔ በሕይወቴ ተከትዬ የማላውቅ ሴትዮ፣ ሱቅ መሃል፣ ሰው እየገባ እየወጣ፣ ወዲያውኑ ያዝኩት። ሩዝ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ነው የቆረጠመኝ። እጄ ጠረጴዛውን ኳ አደረገ፤ ማሽኑ ግን አይቆምም፣ ማንበቡን ቀጠለ። ጠረጴዛውን ደግሜ ደጋግሜ መታሁት። ሻጯ ደንግጣ ውሃ አመጣችልኝ፣ ስኳር አለብሽ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። የለብኝም አልኳት።

ያንን የነርሶች መመሪያ አትረሺውም። ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ ከተሰራጨ በኋላ ነው አርባ አንደኛው ገጽ ላይ አንድ ሙሉ መስመር እንደጎደለ የታወቀው፤ መድኃኒቱ ለማን እንደማይሰጥ የሚናገረው መስመር። ደግነቱ ሰው ሳይጎዳ አንዲት ነርስ ደረሰችበትና ቅጂው ሁሉ ተሰብስቦ ተቀደደ። ገጹ ግርጌ ፊርማሽ አለ። ኃላፊያችን ሁለታችንንም ፊቱ አቁሞ መጀመሪያ እኔን ጠየቀኝ፤ መስመሩን አንብበሽዋል ወይ አለኝ። አንብቤዋለሁ አልኩ። አንቺ ዞር ብለሽ አየሽኝ፤ ከዚያ አቀረቀርሽና እንግዲያው ዓይኔ ነው አልሽ። ማንም ሳያባርርሽ በሳምንቱ መልቀቂያ አስገብተሽ ልጅሽ ዘንድ ሄድሽ። ዓመት ሳይሞላ የክፍሉ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠኝ፤ ጡረታ እስክወጣም ያዝኩት።

መስመሩን አላነበብኩትም።

ኃላፊው ከመጥራቱ በፊት ኦሪጅናሉን ከመሳቢያ አውጥቼ አይቻለሁ። ሁለት መስመሮች አንዱ ካንዱ ሥር ናቸው፤ ሁለቱም በሽተኛው በሚል ቃል ይጀምራሉ። ታይፒስቷ የላይኛውን በሽተኛው ጽፋ ቀና ስትል ዓይኗ የታችኛው ላይ አርፎ ከዚያ ቀጠለች። እኔም ተራዬ ሲደርስ እዚያው ላይ ተንሸራተትኩ። እሷ የዘለለችውን እኔም ዘለልኩት። ጆሮሽ የሰማውና ዓይንሽ ያየው አንድ ሆኖ ገጠመ። በምን ዓይን ነው ያልተጻፈና ያልተነበበ መስመር የሚታየው? አንብቤልሽ ቢሆን ኖሮ ኳ ታደርጊው ነበር፤ እኔ እንኳ ከማሽን ያዝኩት።

ለምን ዋሸሽ ትይኛለሽ። ፈራሁ። ባሌ ሥራ ፈትቶ ነበር፣ ልጆቼ ገና ትምህርት ላይ ነበሩ፤ ይህን ያኔም ታውቂው ነበር፣ ዛሬ መደበቂያ አላደርገውም። በሳምንቱ እነግራታለሁ አልኩ፣ ከዚያ በዓመቱ አልኩ። አንቺ በየደብዳቤሽ ዓይኔ ዓይኔ ስትይ እኔ ካሮት ብዪ እያልኩ እመልስልሽ ነበር። ካሮት! ይህን ስጽፍ ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ባለኝ። አንቺ ለቀሽ እኔ ኃላፊ መሆኔ ያሳፍረኛል። ያ ሁሉ መጽሐፍ በደህና ዓይንሽ ፊት ሳይገለጥ መቅረቱ ግን አንጀቴን ይቆርጠዋል።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው። ትንሹን ግዢ፣ የማይናገረውን። ሐኪሙ ያዘዘልሽን መነጽር አሠሪ፤ ሰውየው እውነቱን ነው። በገዛ እጅሽ ጽፈሽ የላክሽልኝን ደብዳቤ አስተውዬዋለሁ፤ መስመር በሌለው ወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ ነው የሄደው፣ አንድም ፊደል በሌላ ላይ አልተደረበም። በመጀመሪያው ሳምንት ፊደሉን ትልቅ አድርጊው፣ ከዚያ ቀስ በቀስ አሳንሺው። መጨረሻውን ገጽ መጀመሪያ ማንበብ ከፈለግሽም መንገድ አለው፤ ሻጯ አሳይታኛለች፣ ከታች በኩል ያለችውን መስመር በጣትሽ ስትገፊያት እስከ መጨረሻው ይወስድሻል።

ተናጋሪውን እኔው ገዛሁት። ሻጯ ለማን ነው ብላ ስትጠይቀኝ ብሩን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ቆጥሬ ሰጠኋት። ይህን ደብዳቤም በትልልቁ ስለጻፍኩት ገጹ በዝቷል፤ መስመሩም አልፎ አልፎ ተንጋዶ ታገኚው ይሆናል፣ ጠረጴዛው ነው በይልኝ።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጫንሽም። ብትቆጪ ቁጣሽን ጻፊልኝ፣ ዝም ብትዪም እረዳዋለሁ። ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ የልጅሽን ቤት ይባርክ፣ ከፊትሽ ያለውን ዘመን በጤናና በንባብ ይሙላልሽ።

ጮክ ብዬ አነብልሽ የነበርኩት ጓደኛሽ

ከፊርማዬ በኋላ የመጣልኝ፦ ይህን ደብዳቤ እያነበበችልሽ ያለችው ልጅሽ ከሆነች፣ ከእጇ ተቀበያትና ከመጀመሪያው ጀምረሽ ራስሽ አንብቢው። ለእናቷ የምትሳሳ ልጅ ናት፤ መስመር ዘልላብሽ ይሆናል።