ለአህመድ አሳየነው ያልከኝ ባሕር

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ኡበይድ፣ ቆቦ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጋሼ፣ ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ኢኽላስስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ማሽላው ከወፉ ተርፎ ገባላችሁ? ብርዱስ ዘንድሮ እንዴት ነው? እኔ አልሃምዱሊላህ በአካል ደህና ነኝ። በአካል ያልኩት አስቤበት ነው።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ መቅደስ የምትባል የጎብዬ ልጅ ናት፤ ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ ልትገባ ነው። በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። በስልክማ ታውቅበታለህ። መጀመሪያ «አብሽሪ» ትላለህ፣ ቀጥለህ ትስቃለህ፣ ወሬው ሲከብድህ ደግሞ ኔትወርኩ ይጠፋል። የቆቦ ኔትወርክ ላንተ የሚታዘዝልህን ያህል ለማንም አይታዘዝም። ወረቀት ግን መሀል ላይ አይቆረጥም፤ ስለዚህ በርህን ዝጋና እስከ መጨረሻው አንብበው።

አህመድ እንደሞተ ሰምቻለሁ። ትንሹ ወንድማችን ጅቡቲ፣ ኦቦክ ላይ ጀልባ ተገልብጦ ባሕር እንደበላው፣ ሬሳው እንዳልተገኘ፣ እናንተም ለቅሶ ተቀምጣችሁ፣ ሰደቃውን አውጥታችሁ፣ ዓመቱንም ደጋግማችሁ እንደቆጠራችሁ ሰምቻለሁ። ከቆቦ እስከ ዋጃ ያልሰማ ሰው የለም፣ ከኔ በቀር።

የነገረችኝ ኢቅራ ናት። የዋጃ ልጅ ናት፣ እዚሁ ከኛ ቤት ጎን ተቀጥራ በቅርቡ ነው የመጣች። ሱቅ በር ላይ ተገናኝተን የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራት እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችና «ውይ እህቴን! አላህ ሶብሩን ይስጥሽ። ከወንድምሽ ጋር የኛም ሰፈር ልጅ ነበረበት እኮ፤ ባንድ ቀን ነው ለቅሶ የተቀመጥን» አለችኝ። እኔ ከሌላ ሰው ያምታታችኝ መስሎኝ «የኔ ወንድም ሳዑዲ፣ ጅዛን ነው፣ ፍየል ይጠብቃል» አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። አፏን በሻሿ ስትይዝ የተሸከመችው ቲማቲም ከእጇ ወድቆ መንገዱ ላይ ተበተነ። እኔ ምን እንደማደርግ ጠፋኝና ጎንበስ ብዬ ቲማቲሙን መልቀም ጀመርኩ። ለቅሜ ለቅሜ ሳቀብላት ነው ነገሩ የገባኝ።

ቁጣዬ እንዲገባህ እዚህ ባሕር ላይ ስለምቀዝፍባት ታንኳ ደግሜ ልንገርህ። በኢሞ ፎቶዋን ስልክልህ «ይቺ ደግሞ ዓሣ ልትሆን ነው» እያልክ ትስቅ ነበር እንጂ ነገሩን በወጉ ጠይቀኸኝ አታውቅም። ታንኳዋ ቀጭንና ረጅም ናት፤ ስድስት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ ይቀመጥባታል። ብቻዋን ብትሆን አንድ ሰው ሲያነጥሰው ትገለበጥ ነበር። ስለዚህ በግራ ጎኗ፣ ራቅ ብሎ፣ ትንሽ ተንሳፋፊ ግንድ በሁለት ዘንግ ታስሮላታል፤ በሬና ጥጃ ባንድ ቀንበር የተጠመዱ ይመስላሉ። እኔ ያን ግንድ ምርኩዟ እለዋለሁ። አሠሪዬ ማዳም ከጓደኞቿ ጋር አርብ አርብ ጠዋት ትቀዝፍባታለች። አንዷ እጇን ተሰብራ ሰው ሲጎድላቸው «አንቺ የሩዙን ጆንያ ብቻሽን ታነሺው የለም እንዴ? ነይ» አለችኝ።

መጀመሪያ እምቢ አልኩ። እኔ ከሆርማት ወንዝ ጎርፍ ሌላ ምን ውሃ አውቃለሁ? እሱንም ቢሆን እማ አንዳችንን በቀኝ አንዳችንን በግራ ይዛ ከዳር ነው ያሳየችን፤ አህመድ ገና ድምፁን ሲሰማ ቀሚሷ ውስጥ ይገባ ነበር። ማዳም ግን አለቀቀችኝም። ከሻሼና ከሱሪዬ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ አለበሰችኝና ከፊት ሦስተኛው መቀመጫ ላይ አስቀመጠችኝ። ስንወጣ ውሃው ፊቴ ላይ ተረጨ፣ ከንፈሬን ላስኩት፤ ልጅ ሳለን ገበያ ወጥተን ከአፋሮቹ የጨው ጭነት ሥር ሸርፈን የምንልሰውን ጨው ቀመስኩ። ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ አለቀስኩም ሳቅሁም። ከዚያ ቀን ወዲያ አርብ ቀርቼ አላውቅም።

ሳምንቱን ሙሉ «እሺ ማዳም፣ አዎ ማዳም» ስል የምከርም ሰው፣ አርብ ጠዋት እዚያ ላይ የማዘው እኔ ነኝ። መቅዘፊያውን ከቀኝ ወደ ግራ የምናዞርበትን ሰዓት አንድ ሰው መጥራት አለበት፤ ድምፅሽ ያስተጋባል ብለው ለኔ ሰጡኝ። እነሱ በቋንቋቸው ይጠሩት የነበረውን ትቼ ማሽላ ስንቆርጥ እንደምንለው «ሆ!» እላለሁ። አምስት ፈረንጅ በቆቦ «ሆ» ጎን ሲቀይር ብታይ ወገብህን ይዘህ ትስቅ ነበር። እዚያ ውስጥ ስትቀመጥ ከፊትህ ያለውን ሰው ጀርባ ታያለህ እንጂ ከኋላህ ያሉትን አታይም። እየቀዘፉ ይሁን እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ይሁን አታውቅም፤ ታምናለህ። እኔም እናንተን እንደዚያ ነበር የማምናችሁ።

ባሕሩን ወደድኩት፣ ጋሼ። ሰው አገር ላይ ያለኝ ዘመድ እሱ ነበር። ለናንተ የማልነግራችሁን፣ ማዳም ስትቆጣኝ፣ ልቤ ሲጨልም፣ ለሱ እየነገርኩ ነው የቀዘፍኩ። በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል ስሰማ በሬውን ሞኝ እለው ነበር። ለካ የሚያውቁት ሰዎች ዝም ብለውት ነው።

ያን ጊዜ የላክሁላችሁ ቪዲዮ ትዝ ይልሃል? ማዳም ናት ያነሳችኝ። እጄን ባሕሩ ውስጥ ነክሬ ፊቴን እየታጠብኩ «እማ፣ እይውማ፣ ይህ ባሕር እንዴት ደግ መሰለሽ! ያ ሆርማትን የሚፈራው አህመድ ቢያየው ምን ይል ይሆን?» ያልኩበትን። በማግሥቱ ድምፅህን ላክህልኝ። አሁንም ስልኬ ላይ አለ፣ ልሰርዘው እያልኩ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። «ጀዊሪያ፣ ቪዲዮሽን ለአህመድ አሳየነው፤ በሳቅ ፈረሰ፤ ጎበዝ በሉልኝ ብሏል» ትላለህ። ይህን ስትናገር ድምፅህ ቅንጣት አይንቀጠቀጥም። ወንድማችን በዚያ ውሃ ውስጥ ነው፣ አንተ ደግሞ ውሃውን አይቶ ሳቀ ትለኛለህ። እንዴት አስቻለህ? ማንስ አስገደደህ? ዝም ብትል እኮ ይበቃ ነበር።

እማ ግን ቪዲዮውን ስታይ፣ በኢሞ እያየኋት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ምነው ብዬ ብጠይቅ «ናፍቆትሽ ነው» አልከኝ፤ እኔም አመንኩ፣ ደስም አለኝ። ልጇን የበላውን ውሃ ሴት ልጇ እየሳቀች ፊቷን ስትታጠብበት እናቴን ቁጭ አድርጋችሁ አሳያችኋት። እኔን በእናቴ ሐዘን ላይ አሳቃችሁኝ። ይህን ይቅር እንድልህ አትጠይቀኝ፣ ገና ነኝ።

ከኢቅራ ከሰማሁ በኋላ ደውዬልህ ነበር። ምንም እንዳልሰማ ሰው ሆንኩ፤ ዕድል ልስጠው፣ ምናልባት ራሱ ይነግረኛል ብዬ። «አህመድስ ደህና ነው?» አልኩህ። አንተም ሳታመነታ «ደህና ነው፣ ትናንት ደውሎ ነበር፣ ሰላም ብሎሻል» አልክ። ከኋላህ ልጅህ ኡሙሰልማ «አጎቴ ሰላም ብሎሻል» ብላ ደገመችልህ። ያቺን ሕፃን እንኳ አስጠንታችኋታል። ስልኩን ዘግቼ ኩሽናው ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኼው ነው። ተከድቻለሁ ጋሼ፣ ሌላ ስም የለውም።

ባህላችን ነው ልትለኝ እንደሆነ አውቃለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ የሚደግፍ ሰው በግራ በቀኝ ሆኖ ነው የሚነገር። ሰው አገር ያለ ሰው ብቻውን ሰምቶ ይወድቃል፣ እውነት ነው። ግን ባህሉ መርዶን ያዘገያል እንጂ በሞተ ሰው ስም ሰላምታ አይልክም። እዚህ የሮቢት ሴት፣ የቆቦ ሴት፣ የአላማጣ ሴት ሞልቷል፤ ሁለቱን ልከህ ብታስነግረኝ ይበቃ ነበር፤ በቁሙ ካለ በሬ ላይ ቁርበት አልጠየቅሁህም። ብቻዋን እንዳትሰማ ብለን ነው ካልክ ደግሞ፣ ይኸው ብቻዬን አይደለም ወይ የሰማሁት?

ከዚያ ወዲያ ወደ ባሕሩ አልሄድ አልኩ። እሱም ከናንተ ጋር ያደመብኝ መሰለኝ። ውስጡ ማን እንዳለ እያወቀ አርብ አርብ ያዘለኝ፣ ያስፈነደቀኝ መሰለኝ። አርብ ሲመጣ ልብስ አጥባለሁ፣ መስኮት እወለውላለሁ። በመጨረሻ ማዳም ምን ሆንሽ ብላ ስትይዘኝ ነገርኳት። አቀፈችኝ። በሚቀጥለው አርብ እያባበለች ወሰደችኝ። ከኋላ ተቀምጦ ታንኳዋን የሚመራ ሽማግሌ አለ፤ ወንድሜ የሰመጠበት ይህ ባሕር ነው ወይስ ሌላ ብዬ ጠየቅሁት። አሸዋው ላይ በጣቱ ሳለልኝ፤ ይህ በዚህ ወጥቶ፣ የየመንን አገር ዞሮ፣ ከዚያኛው ጋር ይገናኛል። ስሙ ይለያያል እንጂ ውሃው አንድ ነው አለኝ።

ወጣን። ከዳር ስንርቅ ሽማግሌው ቀዘፋውን አስቆመና ሁሉም መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። እኔ ፋቲሃ ቀራሁለት፣ ዱዓ አደረግሁለት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አህመድ፣ አህመድ እያልኩ አለቀስኩ። ቋንቋዬን የማያውቁ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከፊቴ ያለችው ሴት ዞራ ለማየት ስላፈረች ይመስለኛል፣ እጇን ብቻ ወደ ኋላ ዘርግታ ጉልበቴን ያዘችኝ። የወንድሜን ለቅሶ የደረሱልኝ እነዚህ ናቸው። የናቴ ልጅ አንተ ነህ፣ ለቅሶዬን ያስተዛዘነኝ ግን ባዳ ነው።

ባሕሩን ልጠላው ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም። እጄን ነከርኩት፤ ከቤታችን ሰው የአህመድን መቃብር የነካ እኔ ብቻ መሆኔ ገባኝ። አሁንም አርብ አርብ እሄዳለሁ። እንዳትከፉብኝ። እየወደድኩት እፈራዋለሁ፣ እየፈራሁት እሄዳለሁ፤ ቢያንስ ደግ ነኝ ብሎ አልነገረኝም፣ ደግ ያልኩት እኔ ነኝ።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝን ልንገርህ። ከመውሊድ ወዲህ የእማን ድምፅ አልሰማሁም። ስደውል ሰደቃ ቤት ሄዳለች ትለኛለህ። ስደግም ጉንፋን ጉሮሮዋን ዘግቶታል። ስሠልስ ኢኽላስ ስልኩን ትቀበልህና «እማ ተኝታለች፣ ዱዓ አድርጋልሻለች» ትለኛለች። በፊት ይህን ስሰማ አልሃምዱሊላህ ብዬ ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱን ቃል አገላብጬ አያለሁ። አህመድንም ተራራ ላይ ነው፣ ስልክ አይሠራለትም፣ ሰላም ብሎሻል ብላችሁ ነበር። ምናልባት እማ እውነትም ጉንፋን ይዟት ይሆናል። ምናልባት ጓሮ ተቀምጣ ማሽላ እየለቀመች ይሆናል። አንተ ብትምልልኝ እንኳ የማውቅበት መንገድ የለኝም።

ስለዚህ ይህ ወረቀት እንደደረሰህ ስልኩን ለእማ ስጣት። አንተ ከኋላ ሆነህ አትንገራት፣ ኢኽላስም አትተርጉምላት። አህመድን ከሷ ጋር ማልቀስ እፈልጋለሁ፤ እሷም እኔን ለማሳሳቅ ስትል ስንት ጊዜ እንባዋን እንደዋጠች አላህ ያውቃል። እንግዲህ ክፉም ቢሆን እውነቱን ንገረኝ። ብወድቅ የሚያነሳኝ ሰው አለኝ።

ለኢኽላስ ሰላም በልልኝ፤ እሷስ እንዴት እንዳስቻላት ሌላ ቀን እጠይቃታለሁ። ኡሙሰልማን ጉንጯን ሳምልኝ፣ ሁለተኛም ውሸት አታስጠኗት። ለጎረቤታችን ለእቴ ብዙነሽ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ለቅሶው ላይ ከእማ ጎን እንዳልተለየች ኢቅራ ነግራኛለች፣ ፈጣሪ ብድሯን ይክፈላት። ለአህመድ ሰላምታ አልልክም፤ አላህ ይርሐመው፣ ማረፊያውን ጀነት ያድርግለት።

ለእማ፣ ካለች፣ ሁለት ጉልበቷን ሳምልኝ። ለገዛ እናቴ «ካለች» ብዬ እንድጽፍ ያደረግከኝ አንተ ነህ፣ ጋሼ።

እህትህ ጀዊሪያ
ዱባይ፣ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም